በእበት የለቀለቅነው ግድግዳ

ከፎገራ፣ ከወረታ በታች
ሰኔ 12 ቀን 1958 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ ለጋሼ ኃይለ ሚካኤል፣ አሥመራ

ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? እኔ የእህትዎ ልጅ ካሳነሽ፣ ልጄ አገኘሁሽም፣ ከብቶቹም፣ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን። የእርስዎን ደህንነት ግን ሾፌሩ ማናዬ በወረታ ሲያልፍ ካልነገረን በቀር የምናውቅበት የለንም። ከፋሲካ ወዲህ አንዲት መስመር አልጻፉልንም። አሥመራ ቀለም ተወደደ እንዴ?

ዛሬ የምጽፍልዎ ተልኬ ነው። ባለፈው ሰንበቴ ላይ ቄስ ገብረማርያምና አያ ማረው ጠርተውኝ "አባትሽ ፊደል ያስቆጠሩሽ ለዚህ ቀን ነው፤ ኃይለ ሚካኤልን ጠይቂልን" አሉኝ። ነገሩ እንዲህ ነው። የወባ መድኃኒት እንረጫለን የሚሉ ሰዎች ሐሙሲት በኩል ጨርሰው ወደኛ እየመጡ ነው። ቆርቆሮ በጀርባቸው አዝለው የቤቱን ግድግዳ ከውስጥ በነጭ ውኃ ያረጥቡታል። ሲወጡ በሩ ላይ በቀይ ቀለም ቁጥር ይጽፋሉ።

ሰውን ያስደነገጠው ቁጥሩ ነው። አያ ማረው "ጣልያንም በቁጥር ነው የጀመረን" አሉ። መጀመሪያ ቤት ቆጠረ፣ ቀጥሎ ጠመንጃ ቆጠረ፣ ቀጥሎ በዚያው ቁጥር እየጠራ ጎበዛዝቱን ወሰደ። ወንድማቸው በበሩ ቁጥር ተጠርቶ ወጥቶ እስከ ዛሬ አልተመለሰም። እንዲህ ሲሉ ማን ይከራከራቸው? ሌላው የመሬት ግብር ሊጨምሩብን ነው ይላል። ጎረቤቴ ይርገዱ ደግሞ "ማኅፀን ሊያደርቁ ነው" ትላለች። አምስት ወልዳ ስታበቃ!

የኔን ነገር ያውቁታል። በሃምሳ አንዱ የወባ ንዳድ ባሌን አያልነህንና ሁለት ወንዶች ልጆቼን በአንድ ኅዳር ቀበርሁ። አገኘሁሽ ያኔ ሆዴ ውስጥ ነበረች፤ ከዚያ ሁሉ የተረፈችኝ እሷ ብቻ ናት። ስለዚህ እኔ ልቤ ወደ መክፈቱ ነው። መድኃኒቱ የእውነት ከሆነ ቤቴን ብቻ ሳይሆን እኔንም ይርጩኝ። ግን ብቻዬን ከፍቼ ከአገሬው ልለይ አልችልም። ማን ያርስልኛል፣ ማን ያጭድልኛል?

እርስዎ ከባሕር የወጣ ዕቃ ሁሉ በሚያልፍበት አገር የመጋዘን ጸሐፊ ነዎት፣ ያውቃሉ። እርስዎ የጻፉትን እዚህ ሁሉም ይሰማል። እውነቱን ይጻፉልን እንጂ ሌላ ምንም አልለምንዎ።

ጉልበትዎን ስማለሁ።
የእህትዎ ልጅ ካሳነሽ

---

አሥመራ፣ ሐምሌ 8 ቀን 1958 ዓ.ም.

ለእህቴ ልጅ ለካሳነሽ፣ በእርሷም በኩል ለሰንበቴው ማኅበር

የአባቶቻችን አምላክ ከክረምት ጎርፍና ከሰው ተንኮል ይሰውራችሁ። እኔ በጸሎታችሁ ደህና ነኝ።

ይህ ደብዳቤ በማኅበሩ ፊት ይነበብ። የምጽፈው ወሬ አይደለም፤ በዓይኔ ያየሁትን ነው። ባለፈው ግንቦት ከምጽዋ የመጡ በርሜሎች እኔ በምሠራበት መጋዘን ገብተው አድረዋል። በየበርሜሉ ላይ የሰው ራስ ቅል፣ ከሥሩም የተጣመረ አጥንት ተሥሏል። ውስጡ ነጭ ዱቄት ነው። አንዱ ተቀዶ ሲፈስ በእጄ ልጠርገው ብል ኃላፊው "ተው! መርዝ ነው፣ እጅህን ታጠብ!" ብሎ ጮኸብኝ። ወዴት ነው የሚሄደው ብዬ ብጠይቅ፣ ወደ ጎንደር አለኝ።

እንግዲህ አስተውሉ። መድኃኒት ከሆነ የራስ ቅል ለምን ተሣለበት? በነፃ ነው ካሉ ማን ከፈለበት? የታመመ ሰው ይታከማል እንጂ ግድግዳ ይታከማል? በሃምሳ አንድ ዓመተ ምሕረት ንዳዱ ከመግባቱ በፊት አይሮፕላን በፎገራ ሜዳ ላይ ዝቅ ብሎ ማለፉንስ ረሳችሁት? ያኔ ለአንበጣ ነው ተባላችሁ፣ አመናችሁ። እኔ ግን እዚህ ከሚያውቁ ሰዎች ጋር መክሬ የያኔውንና የዛሬውን አያይዤዋለሁ። መጀመሪያ በሽታውን ከላይ በተኑ፤ አሁን የተረፈውን በየቤቱ ቆጥረው ሊጨርሱ ነው።

በራችሁን እንዳትከፍቱ። አያ ማረው ስለ ቁጥሩ የተናገሩት እውነት ነው። እኔም እዚህ ሆኜ የምሰማውን ከእናንተ አልደብቅም።

አገኘሁሽን ሳሚልኝ።
አጎትሽ ኃይለ ሚካኤል

---

ከፎገራ፣ ነሐሴ 24 ቀን 1958 ዓ.ም.

ለጋሼ ኃይለ ሚካኤል

ፍልሰታን በሰላም ፈታን፣ ለእርስዎም እንዲሁ ሆኖልዎ እንደሆነ ተስፋ አለኝ።

ደብዳቤዎ ደረሰን። ቄስ ገብረማርያም ቆመው አነበቡት። የራስ ቅሉ ላይ ሲደርሱ ሰው ሁሉ አማተበ። "ግድግዳ ይታከማል?" የሚለው ላይ ደግሞ ተሣቀ፤ አሁን ልጆቹ ሁሉ እየተሯሯጡ "ግድግዳዬን አመመው" ይባባላሉ። አያ ማረው "ድሮም ይህ ልጅ ዓይናችን ነው" ብለው በስምዎ ጽዋ ጠጡ። እኔም አልዋሽዎ፣ ኮራሁ።

ረጪዎቹ ከጭቃ ሹሙና ጠመንጃ ከያዘ ነጭ ለባሽ ጋር መጡ፤ አልከፍትም ማለት አልተቻለም። የኔን ቤት የረጨው ያየህ የሚባል የደብረ ታቦር ሰው ነው። ጨዋ ነው። ዕቃዬን ራሱ አወጣልኝ፤ አገኘሁሽን እንዳትነካው ብሎ ከደጅ አቆማት። "እትዬ፣ ቢምቢዋ ደም ጠጥታ ግድግዳ ላይ ስታርፍ ነው የሚገድላት። እባክዎ ክረምቱ ወጥቶ ሜዳው እስኪደርቅ ግድግዳውን አይንኩት" አለኝ። ነገሩ ልቤ ገባ። እውነት ነው እኮ፣ ከጠገበች በኋላ ግድግዳ ላይ ነው የምትለጠፍ። ስንቷን በመዳፌ ጨፍልቄያለሁ!

ታዲያ በማግስቱ የይርገዱ ዶሮዎች ሞቱ። ከግድግዳው የረገፈውን በረሮ ለቅመው ነው እላለሁ እኔ። ማን ሰምቶኝ! "የአጎትሽ በርሜል ይኸው" አለችኝ።

ሴቶቹ ተሰበሰቡ። ለዘመን መለወጫ ቤት እንለቀልቅ የለ? ዘንድሮ አስቀደምነው። ትኩስ እበት በገበቴ አቡክተን፣ ከአንዷ ቤት ወደ አንዷ እየዞርን፣ እየዘፈንን ነጩን ሁሉ ሸፈንነው። ጭቃ ሹሙም ቢያየን ለበዓል ነው ብሎ አለፈ። የኔ ቤት ተራ ሲደርስ "የኔስ ይቅር" ልል አፌን ከፍቼ ነበር። ሁሉም ያዩኛል። ደብዳቤው የመጣው በኔ ስም፣ የጻፈው የኔ አጎት። እጄን ነከርሁና ለቀለቅሁ።

ጋሼ፣ በርሜሉን ማየትዎን አልጠራጠርም። የቀረውን ግን ማን ነገረዎ? እነዚያ የሚያውቁ ያሏቸው ሰዎች እነማን ናቸው? እባክዎ ደህና አድርገው ይጠይቁልኝ። እስከዚያው የንዳድ ኪኒን ካገኙ በማናዬ እጅ ይላኩልኝ። ለራሴ አይደለም።

ካሳነሽ

---

ከፎገራ፣ መስከረም 28 ቀን 1959 ዓ.ም.

ጋሼ፣ ሰላምታዬን አሳጥሬያለሁ፣ ይቅር ይበሉኝ።

ማናዬ አሥመራ ወጥቶ ወረደ፤ "ደብዳቤ የለም፣ ኪኒንም የለም፣ ሰውየው ግን ደህና ናቸው" አለኝ። ደህና ከሆኑ ምነው ዝም አሉኝ?

ንዳዱ ገባ። የይርገዱን ትንሽ ልጅ ወሰደ፤ ትልቁም ተኝቷል። ከየቤቱ ማቃሰት ይሰማል። ሐሙሲት በኩል ግድግዳቸውን ሳይነኩ የተዉት ሰዎች ግን ማሳ እያለሰለሱ፣ ሽምብራ ሊዘሩ እየተሰናዱ ነው። ይህን ስናገር "እነሱን ለኋላ አቆይተዋቸው ነው" ይሉኛል። ሰው ሲሞት መርዙ በእበቱ ውስጥ ሾልኮ ነው። ሰው ሲተርፍ እበቱ አድኖት ነው። በየት በኩል ልግባላቸው?

አገኘሁሽ ታማብኛለች። ትንቀጠቀጣለች፣ ትጋላለች፣ ትቃዣለች። ግድግዳውን ልፍቅ ቢላዋ ባነሣ ይርገዱ ደርሳ እጄን ያዘችው። "መርዙን በመንደሩ ልትለቂብን ነው?" ብላ ጮኸች፣ ሰው ተሰበሰበ። ከዚያ ወዲህ አንዷ ስትሄድ አንዷ እየመጣች ትጠይቀኛለች። ጥየቃ ይሉታል። እየጠበቁኝ ነው።

የርብ ወንዝ ሞልቶ ሜዳው ባሕር ሆኗል። ወረታ ሐኪም ቤት ለማድረስ ውኃው ወገብ ይደርሳል፤ ቃሬዛ የሚሸከሙ ወንዶች ያስፈልጋሉ። ከቤት ቤት እየዞርሁ ለመንሁ። አያ ማረው እያለቀሱ ነው እንቢ ያሉኝ። "የጀመሩትን እዚያ ሊጨርሱባት? የገዛ አጎትሽ አይደል የጻፈልን?" አሉኝ። ክፉ ሰው አይደሉም፣ ያውቋቸዋል። የሚወዷትን ልጅ ለገዳይ አላስረክብም ነው ያሉ። እንዲህ ያለ ሰው ምን ተብሎ ይሰደባል?

ኪኒኑም ይቅርብኝ። "ተሳስቻለሁ" ብለው ይጻፉልኝ። ከእርስዎ በቀር የሚሰሙት የለም። ቶሎ፣ ጋሼ፣ በናትዎ!

ካሳነሽ

---

አሥመራ፣ ጥቅምት 15 ቀን 1959 ዓ.ም.

ለልጄ ለካሳነሽ

እግዚአብሔር አገኘሁሽን ይማርልሽ።

ማናዬ ሁለት ደብዳቤ ይዞልሻል። ይኸኛው ላንቺ ነው፣ ሁለተኛው ለሰንበቴው። ኪኒኑ በጨርቅ ተጠቅልሏል። ለልጅ እንዴት እንደሚሰጥ ሐኪም በወረቀት ጽፎበታል።

ዝም ያልሁሽ ስላላወቅሁ አይደለም፣ ስላወቅሁ ነው። ነሐሴ ሲያልቅ ከበርሜሎቹ ጋር ወደ ቆላው፣ ወደ ጊንዳዕ ተላክሁ። እዚያ አንዲት አሮጊት ከነጩ ግድግዳ ሥር የልጅ ልጃቸውን አቅፈው ተኝተው አየሁ። "አይፈሩም እናቴ?" አልኋቸው። "የምፈራውማ ከዚህ በፊት የነበረውን ነው፤ ካቻምና ሦስት ቀብሬ ነበር፣ ከተረጨ ወዲህ ግን አልቀበርሁም" አሉኝ። የጤና ሠራተኛውን ስለ ራስ ቅሉ ጠየቅሁት። "ቢበሉት ይገድላል። ላምባም ቢጠጡት ይገድላል" ብሎ ሣቀብኝ። ያ ሁሉ ጥያቄዬ በዚህች መልስ አለቀ።

ታዲያ ለምን በዚያው ቀን አልጻፍሁልሽም? ካሳነሽ፣ ሃያ ዓመት ጆንያ ስቆጥር "ኃይለ ሚካኤል፣ አንተስ ምን ታስባለህ?" ያለኝ ሰው አልነበረም። በርሜሉን ካየሁ ወዲህ ሻይ ቤት ስገባ ወንበር ይሳብልኝ ጀመር። ዛሬ አንድ ነገር ስናገር፣ ነገ ሌላ ይጠብቁብኛል። አይሮፕላኑ በሽታ በተነ ብሎ የነገረኝ ማንም የለም። ሲጠይቁኝ አፌ ላይ መጣ፤ ከተናገርሁት በኋላ ግን ከሁሉም በላይ ያመንሁት እኔ ነኝ። እነዚያ የሚያውቁ ሰዎች ያልኋቸው ከኔው የሰሙትን መልሰው የሚነግሩኝ ናቸው። ሽማግሎቹ በስሜ ጽዋ እንደ ጠጡ የጻፍሽልኝን ደጋግሜ አነበብሁት። ከዚያ ወዲያ አላውቅም ነበር ማለት አቃተኝ። አፈርሁ። በኔ እፍረት ሰው ይሞታል ብዬ ግን አላሰብሁም።

ለሰንበቴው ሁሉንም ጽፌያለሁ። ተሳስቻለሁ ብያለሁ። እበቱን ፍቃችሁ ቤታችሁን እንደገና አስረጩ፣ የታመመውን ወረታ አድርሱ ብያለሁ። ካልሰሙሽ ሥራዬን ጥዬም ቢሆን እመጣለሁ። አንድ ቃል ላኪብኝ።

አጎትሽ ኃይለ ሚካኤል

---

ከፎገራ፣ ኅዳር 4 ቀን 1959 ዓ.ም.

ለጋሼ ኃይለ ሚካኤል

እግዚአብሔር ያጽናዎ። አገኘሁሽ አርፋለች።

የሚሸከምልኝ ሲጠፋ ጠባቂዎቼ ቤተ ክርስቲያን የሄዱ ጊዜ በጀርባዬ አዝያት ወጣሁ። ትልቅ ልጅ ሆናለች እኮ፣ እግሯ ውኃውን ይነካ ነበር። "እማ፣ ቀዝቃዛው ደስ ይላል" አለችኝ። በውኃው መሐል እያረፍሁ፣ እያወራኋት ሄድሁ። የወረታው መንገድ ይታየኝ ነበር፤ መኪና ሲያልፍ አይቻለሁ። ያን ጊዜ እጇ ከአንገቴ ተፈታ። ጠራኋት። ደጋግሜ ጠራኋት። ከዚያ ዞርሁና ወደ ቤት ተመለስሁ።

ሲያዩኝ ወንዶቹ ሁሉ እየጮኹ ውኃው ውስጥ ገቡ። አያ ማረው ሳይቀሩ ገቡ። ያን ጊዜ ተሸከሙልኝ።

ማናዬ በሰልስቷ ዕለት ደረሰ። እኔ አመድ ላይ ተቀምጫለሁ። ኪኒኑን ከጉያዬ አስገባሁት፤ የሰንበቴውን ደብዳቤ ለቄስ ገብረማርያም ሰጠኋቸው። ልቅሶ ቤቱ ሞልቷል፣ እዚያው ቆመው አነበቡት። አንዲት ቃል አልዘለሉም። ሲጨርሱ አያ ማረው "እጁስ የሱ ነው፣ ቃሉ ግን የሱ አይደለም" አሉ። "ይዘውታል። እውነቱን ስለ ጻፈልን ይዘውት ነው። ጠመንጃ ደግነውበት ያስጻፉት ነው። አይ ኃይለ ሚካኤል! በኛ ምክንያት!" ብለው ነጠላቸውን ዓይናቸው ላይ አድርገው አለቀሱ። ሰው ሁሉ ተከትሏቸው አለቀሰ። ለልጄ ከተለቀሰው ቢበልጥ እንጂ አያንስም።

እኔ ሣቄ መጣ። እውነቴን ነው፣ ሣቅ። ልነሣና "ኧረ እናንተ ሰዎች!" ልል ነበር።

ይርገዱ ቀደመችኝ። ትልቁም ልጇ ሞቶባታል። መጥታ ፊቴ ተንበረከከችና እጄን ያዘች። "ካሳነሽ፣ አጎትሽን ከኛ ይልቅ አንቺ ታውቂዋለሽ። በልጅሽ አፈር ይዤሻለሁ፣ ንገሪን። ይህ የሱ ቃል ነው?" አለችኝ።

ዙሪያውን አየሁ። የተቀመጡት እነዚያው ናቸው፣ ያኔ እበቱን ያቦካነው። ያልቀበሩት ጥቂት ናቸው። ሁሉም አፌን ያያሉ። አዎ የሱ ቃል ነው ብል፣ እያንዳንዷን "ልጅሽን የገደልሽው አንቺ ነሽ፣ እየዘፈንሽ ነው የገደልሽው" ማለቴ አይደል? ይርገዱ የያዘችኝ በዚያው በለቀለቀችበት እጇ ነው። የጠየቀችኝ እውነቱን ሽታ አይደለም፣ ጋሼ። አድኝኝ ማለቷ ነበር።

ለነሱ ስል ነው ብልዎ ግን እዋሻለሁ። እኔስ? ረጪው ያየህ ግድግዳውን አይንኩት ብሎ ነግሮኛል። ገብቶኛል። ገብቶኝ ነው የለቀለቅሁት። ይህን ይዤ ነገ ማለዳ እንዴት እነሣለሁ?

"የሱ ቃል አይደለም" አልሁ።

ይርገዱ ደረቴ ላይ ወድቃ አለቀሰች። ልጇ ከሞተ ወዲህ እንዲያ ስታለቅስ አላየኋትም፣ ደርቃ ነበር የከረመች። ሌሎቹም አንድ በአንድ እየመጡ ሳሙኝ።

አይምጡብን። ቢመጡ የተላከ ነው ይሉዎታል፤ እኔን ደግሞ ይጠይቁኛል፣ እኔም ከቃሌ አልወጣም። መልሰውም አይጻፉልኝ። በየሰንበቱ ቅዳሴ ሲያልቅ ከእስር እንዲፈቱ ምሕላ ይደረግልዎታል፤ እኔም ከፊት ቆሜ አሜን እላለሁ። በሚመጣው ክረምት ረጪዎቹ ሲመለሱ ሰው የሚያየው ወደኔ ነው። የምለውን ከአሁኑ አውቀዋለሁ፤ ለይርገዱ የቀሩት ልጆች እፈራለሁ፣ ግን ሌላ ቃል ከአፌ ሊወጣ አይችልም።

ኪኒኑን ለይርገዱ ትልቋ ሴት ልጅ በማር ለውሼ፣ የጸበል አፈር ነው ብዬ እየሰጠኋት ነው። ትኩሳቱ ለቋታል። ጸበሉ ነው ያዳናት ብለዋል፣ ይበሉ።

ይርገዱ ብቻዬን አላሳድር ብላ እኔው ዘንድ ከርማለች፤ አሁንም አጠገቤ ተቀምጣ ጥጥ ትፈትላለች። ፊደል አታውቅም። "ምን እየጻፍሽ ነው?" አለችኝ። "ጋሼን እንዲፈቱልን አቤት እያልሁ ነው" አልኋት። "የኔንም ስም ጨምሪበት" አለች።

ካሳነሽ
ይርገዱ